ደብረ ብርሃን ላላችሁ፦ ድምፅ አልባ የፍቅር ኮሜዲ ከነጓደኞቻችሁ እንዴት ይታያል

ቅዳሜ ማታ በዛ ብርድ የት ይወጣል፣ ጋቢ ደርቡና ቤት ሰብሰብ በሉ። ለመጀመሪያ የአሜሪካዊውን ድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን የበስተር ኪተንን «ሸርሎክ ጁኒየር» ያዙ፣ 1924 እ.ኤ.አ. የተሰራ ነው፣ 45 ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ ማንንም አያሰለችም። አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብቱ ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ፣ ሰዎቹ ከልክ በላይ እየተንቀዠቀዡ ካስቸገሯችሁ ግን ቅጂው ፍጥነቱ ተበላሽቷልና ሌላ ፈልጉ።

ከዛ አንባቢ ምረጡ። በመሀል እንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል፣ እሱን አንድ ቀልደኛ ሰው በራሱ አፍ በአማርኛ ያውራው፣ ቃል በቃል ካደረገው ቀልዱ ይሞታል (ጃፓኖች በዛ ዘመን ለዚሁ ስራ ቤንሺ የሚባሉ ባለሙያዎች ነበሯቸው፣ እንደውም ከተዋናዩ በላይ የሚወደዱ ነበሩ)።

አሁን ዋናው። ኪተን እዚህ ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያሳይ፣ መርማሪ መሆን የሚመኝ ልጅ ነው። የሚወዳትን ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ባለ 1 ዶላር ቸኮሌት ይገዛና ዋጋው ላይ 1ዷን በእርሳስ 4 ያደርጋታል። እዚህ ጋ ፖዝ አድርጉ። ተቀናቃኙ ደግሞ የአባቷን ሰዓት ሰርቆ በ4 ዶላር ያሲዝና ባለ 3 ዶላር ቸኮሌት ይዞ ከች ይላል፣ ደረሰኙንም ኪተን ኪስ ውስጥ ይከተዋል፣ አባትየው ኪተንን ሌባ ነው ብሎ ከቤት ያባርራል። እኛ ጋ ሽማግሌ ሲላክ «ልጁ ምን አለው?» የሚለው ማነው፣ አባት ነው እናት? በሉና ተከራከሩ፣ ሴቶቹ ቀድመው ይናገሩ፣ አለበለዚያ ወንዶቹ ወሬውን ይወስዱታል።

ቀጥሎ ልጅቷን ተከታተሉ፣ ብዙ ሰው ያልፋታል እኮ! እሱ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት መርማሪ ሆኛለሁ ብሎ በህልሙ ሲያሳድድ እሷ ሰዓቱ የተያዘበት ሱቅ ሄዳ ባለሱቁን ጠይቃ ጉዳዩን ትጨርሰዋለች። ከዛም ራሷ መጥታ ይቅርታ ትጠይቀዋለች፣ ጀግናው ግን እጇን እንዴት እንደሚይዝ እንኳን ስለማያውቅ ሲኒማ ቤቱ ከሚያሳየው ፊልም ስክሪኑን እያየ ይኮርጃል፣ ያዝ፣ ቀለበት፣ ሳም... በቃ ደህና ሄደ ስትሉ ስክሪኑ ላይ ድንገት ሕፃናት ይመጣሉ፣ እሱም ጭንቅላቱን ያካል። እኔ እዚህ ጋ ሁሌ እስቃለሁ።

ከወደዳችሁት በሚቀጥለው የ1925ቱን «ሰቨን ቻንስስ» እዩ፣ እዛ ደግሞ የሙሽራ ልብስ የለበሱ ሴቶች በመንጋ ወንዱን ያሳድዱታል። ግን ጥቁሮች ላይ የሚቀልድ ቦታ አለው፣ ልጆች ካሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው።