በፍሬዛ ቱቦ መብሳት፦ ሞርሳ ላይ ክብ፣ ሲፈታ ሞላላ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው ቶርኖ ቤታችን፣ በፍሬዛ (ቢላ እያዞረ ብረት በሚቆርጠው ማሽን) ቱቦ ላይ ትልልቅ ቀዳዳ በየሳምንቱ እንበሳለን። ሥራው ቢለያይም እየተመላለሰ የሚመጣው ብልሽት አንድ ነው። እሱን ሰፋ አድርጌ እነግራችኋለሁ፤ ሌላውን ባጭሩ።

ሞላላ የሚሆነው ቀዳዳ

ካሊፐር (መንጋጋ ያለው መለኪያ) አስገብታችሁ ስትለኩ በቁመትም በወርድም 52 ሚሊ ልክ ይመጣል። ሞርሳውን (ቱቦውን ጨምቆ የያዘውን ማሰሪያ) ፈታችሁ ደግማችሁ ስትለኩ በቱቦው ቁመት 52፣ በወርዱ 52.5 ሆኗል። ፍሬዛው አላበላሸም። ቦሪንግ ሄዱም (ቀዳዳ እያሰፋ ልኩ ላይ የሚያደርሰው የቢላ መያዣ) አላበላሸም። ያበላሸው ሞርሳውን ያጠበቀው እጅ ነው።

ሞርሳ ክብ ቱቦን የሚይዘው ግራና ቀኝ በሁለት መስመር ብቻ ነው። ግድግዳው 2 ሚሊ የሆነ ቱቦ ሲጨመቅ በጎን ይጠባል፣ አናቱ ወደ ላይ ይነሳል። እናንተ ክብ አድርጋችሁ የበሳችሁት ያንን የተጨመቀ ቅርጽ ነው። ሲፈታ ቱቦው ወደ ተፈጥሮው ይመለስና ቀዳዳውን በወርዱ ይከፍተዋል።

ያላመነ ዳያል ጌጅ (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ያምጣ። ጫፉን ቱቦው አናት ላይ አሳርፉና ዜሮ አድርጉት። ከዚያ ሞርሳውን ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። መርፌው ሲሄድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኔ 0.05 ሚሊ ላይ ሲደርስ እጄን አነሳለሁ።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ደንበኛ ለቡና መቁያ ማሽን 12 ቱቦ አመጣ፤ ውጪያቸው 76 ሚሊ። በእያንዳንዱ ላይ የኩሽኔታ ቡሽ (ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቀለበት) የሚገባበት የ52 ቀዳዳ ይፈልጋል። እኔ እንዳይንቀሳቀስ ብዬ የሞርሳው እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቼ አጠበቅኩ። 12ቱንም ጨርሼ ቡሹን ሳስገባ እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል። ክፍተቱን በብየዳ ልሙላው አልኩ። ሙቀቱ ቡሹን ጎተተው፣ ዘንጉ አልዞር አለ። ቱቦውን በራሴ ብር ገዝቼ ሁለት ሌሊት ሠራሁ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ሞርሳ ላይ ማስረዘሚያ አትስኩ። በፍጹም።

መፍትሄው ከውስጥ ይጀምራል። የደረቀ የባህር ዛፍ እንጨት ቶርኖ (ዕቃውን ራሱን እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ አስሩና ቱቦው ውስጥ በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ውታፍ አውጡ። የቱቦው የብየዳ መስመር ወደ ውስጥ ያበጠ ስለሆነ ውታፉ ላይ በቁመቱ ቦይ አውጡለት። አለበለዚያ አይገባም፣ ወይም ተሰንጥቆ ይገባል። ውታፉ ሞርሳው በያዘው ርዝመት ሁሉ ይድረስ። ቢላው እንጨቱን ቢበላው ችግር የለም።

ከውጪ ደግሞ ኮርቻ ሥሩ። አንድ ጠንካራ እንጨት በቱቦው የውጪ ልክ ብሱና መሃሉን በመጋዝ ሰንጥቁት። መጋዙ የበላው ክፍተት ማጥበቂያ ይሆናችኋል። አሁን ሞርሳው ቱቦውን የሚያቅፈው በመስመር ሳይሆን በሙሉ ጎኑ ነው።

ውሃ ግን አታስነኩ! አንድ ልጃችን የሳሙና ውሃ እያፈሰሰ ሲበሳ ዋለ። ማታ ሳያወጣው ሄደ። ጠዋት እንጨቱ አብጦ በመዶሻ እንኳ አልወጣም፤ በፑንታ (በመሰርሰሪያ) ፈልፍለን አወጣነው። ትንሽ ዘይት በብሩሽ ይበቃል።

የመጨረሻው ነገር፦ ግማሽ ሚሊ ሲቀር አቁሙ። ሞርሳውን በጣም ትንሽ አላሉትና መልሳችሁ ቀለል አድርጋችሁ ያዙት፣ ከዚያ ጨርሱ። ሲላላ እንዳይዞር የቱቦውን ሌላ ጫፍ ቀድማችሁ ጠረጴዛው ላይ በማሰሪያ ያዙት። ደግሞ ከመርካቶ “2 ሚሊ ነው” ተብሎ የተገዛውን ቱቦ በካሊፐር ለኩት። 1.6 ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ። የሳሳ ግድግዳ ሲጨመቅ ቶሎ ይሸነፋል።

ቀዳዳው ከመሃል ከሸሸ

የሆል ሶው (ጠርዙ ጥርስ ያለው፣ እንደ ኩባያ ክብ የሆነ መብሻ) መሃለኛው ፑንታ ክቡ አናት ላይ ተንሸራቶ ነው። ፍሬዛው ራሱ አቅጣጫ ስለሚጠብቅ ፑንታውን አውጡት። አሮጌ ማሽን ከሆነ የጠረጴዛው ስክሩ ልቅ ነው፤ ወደ ልኩ ሁልጊዜ ከአንድ ጎን ብቻ ቅረቡ።

የሆል ሶው ጥርስ ከረገፈ

ክብ ቱቦ ላይ መጀመሪያ የሚነኩት ጥቂት ጥርሶች ብቻ ናቸው። እስኪገባ ድረስ በእጅ፣ በቀስታ ውረዱ። የጥርሱ ፍጥነት ለተራ ብረት በደቂቃ 30 ሜትር አካባቢ ይሁን። ለ50 ሚሊ ሆል ሶው በደቂቃ ወደ 190 ዙር ይመጣል፤ ለስቴንለስ ግማሹ ይበቃል። ቀለም ብቻ የተቀባውን ርካሽ ሆል ሶው አትግዙ፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ይደነዝዛል። ጥሩው ቢሆንም ለመክፈቻ ነው። ለ52 በ48 ክፈቱና በቦሪንግ ሄድ ጨርሱ።

ቢላው ከተንቀጠቀጠ

የቢላውን ዘንግ አሳጥሩ፣ የማትነዱትን የጠረጴዛ አቅጣጫ ሁሉ ቆልፉ፣ ዙሩን ቀንሱ።

ጓንት አድርጋችሁ ፍሬዛ አጠገብ አትቁሙ። ፍቅፋቂውን በእጅ አትጎትቱ። መብራት ከሄደ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ፣ ከዚያ ቢላውን ከቀዳዳው አውጡ። ሲመለስ ቢላው ቱቦው ውስጥ ሳይገባ ለቅጽበት አስነሱና የሚዞርበትን አቅጣጫ እዩ። መስመር ከተጠገነ በኋላ ፌዝ (ሞተሩን የሚያዞሩት ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች) ተቀያይሮ ሞተሩ በግልባጭ ሲዞር፣ ቢላዬ ቱቦው ውስጥ ተሰብሮብኛል። እንዲህ ካጋጠማችሁ ዋናውን አጥፍታችሁ ኤሌክትሪሺያን ከሦስቱ ሁለቱን ፌዝ ያቀያይርላችሁ።