ዘይት ወለል ላይ ሲፈስ ውሃ አትድፉበት
ሆቴልና ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘይት ሲፈስ ቶሎ ብሎ ውሃ መድፋት ይቅር። ውሃ ዘይትን አያነሳውም፣ ያሰፋዋል እንጂ። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ወይም በሶፍት ምጠጡት፣ ቀጥሎ ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና አድርጉበትና ሳሙናው ቅባቱን እስኪያላቅቀው ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፣ ከዚያ ፈትጋችሁ እጠቡትና እስኪደርቅ ሰው እንዳያልፍበት ተናገሩ። መወልወያው ራሱ ዘይት የጠጣ ከሆነ ግን ልፋታችሁ ከንቱ ነው፤ ቅባቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው መውሰድ ብቻ ይሆናል። የወጥ ቤቱን መወልወያ ለብቻው አድርጉት።

ሌላው የካርቶን ነገር ነው። ክረምት ሲገባ በር ላይ ካርቶን ማንጠፍ ለምደናል፣ እኔ ግን በጣም ያስፈራኛል። ውሃ ሲጠጣ ይላላል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ ከዚያ ወይ ያደናቅፋል ወይ ከእግር ስር ይሸሻል። የሚፈላ ድስት የያዘ ሰው ሲረግጠው አስቡት! ከስሩ ጎማ ያለው ምንጣፍ ይሻላል።

ነጠላ ጫማም እዚያ ቦታ የለውም። ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ ያልተበላ የጎማ ጫማ አድርጉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ ግዴታ ጥሎበታል፣ ስለዚህ ጫማውን ስትጠይቁ አትሸማቀቁ።