ደወል የማይሰማበት አገር ላላችሁ የጎጃም ልጆች

ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ወር ሊሆነኝ ነው። እናቴ ቤት ቡና በተፈላ ቁጥር ከጎረቤት የሚመጣው ሰው የሚጠይቀኝ ያው አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ እዚያ ይጾማል?» ባለፈው እሑድ አንዲት ጎረቤታችን፣ ልጃቸው ዴንቨር ያለ፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ ጀመሩኝ። «አንተ ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመት ኖረህበታል፣ እስቲ እንዴት እንደሚኖር ጻፍለት» አሉኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ለሳቸው ልጅ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ወጥታችሁ እዚያ ለገባችሁ ሁሉ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። እዚህ የሚያስጾመን ሰፈሩ ነው። ሌሊት ደወሉ ይቀሰቅሳል። ረቡዕ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። ወተት ብትጠጣ የምታይህ ጎረቤት አለች። የነፍስ አባት ቤት ድረስ መጥተው ጸበል ይረጫሉ፣ ከጠፋህ ደግሞ «የት ገባህ?» ይላሉ። አሜሪካ ይህ ሁሉ የለም። የሚከለክላችሁ የለም፣ የሚያስታውሳችሁም የለም። እኔ ጾም መያዝ የተውኩት እምነቴን ጠልቼ አይደለም። ቀኑ ጠፍቶብኝ ነው። ዌርሃውስ የሌሊት ፈረቃ ስሠራ ስንት ጊዜ ረቡዕ መሆኑን ያወቅኩት በርገሩን ጨርሼ እጄን ስታጠብ ነው!

ስለዚህ ሥራው ከስልካችሁ ይጀምራል። የእኛን የቀን መቁጠሪያ ጫኑበት። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት እንዲጮህ አድርጉት፣ ደወል ማለት እሱ ነው። ከዚያ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ከፈረንጁ ቀን ጋር አስተያዩ። ስታስተያዩ አንድ የሚያስቅ ነገር ታያላችሁ። የአሜሪካ ትልልቅ የመብል ቀኖች ተማክረው የተቀመጡ ይመስል ጾም ላይ ነው የሚወድቁት። ጁላይ 4፣ ሰዉ ሁሉ ግቢው ውስጥ ሥጋ የሚጠብስበት ቀን፣ ሰኔ 27 ነው። መድኃኔዓለም ነው፣ በዚያ ላይ የሰኔ ጾም ገና አልተፈታም። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ነው የሚውለው። የነሱ ገና ዲሴምበር 25 ደግሞ አብዛኛውን ዓመት ታኅሣሥ 16 ነው፣ ያኔ እኛ ገና ሽሯችን ላይ ነን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ግብዣውን አትቅሩ። መቅረት ጾም አይደለም፣ ኩርፊያ ነው የሚመስለው። ለጋባዣችሁ ከሳምንት በፊት ደውላችሁ «በዚህ ወቅት ቪገን ነኝ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ጾም ነው» በሉት። «ቪገን» የምትለዋን ቃል ሁሉም ያውቃታል፣ ግማሽ ሰዓት ከማስረዳት ታድናችኋለች። የተፈጨው ድንች እንኳ ቅቤ ስላለበት አትመኑት። አንድ ትሪ ምስር ወጥና አዚፋ ይዛችሁ ሂዱ። እንጀራውም አያሳስባችሁ፣ ጤፍ አይዳሆ ውስጥ ሳይቀር ይበቅላል። እኔ አንድ ዓመት ሱፍ ፍትፍት ይዤ ሄጄ ተርኪው ሳይነካ የኔ ሳህን ተጠረገ። በጾም እህል ሳትቀምሱ እስከ ስንት ሰዓት ትቆያላችሁ የሚለውን ግን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት፣ እሱ የኔ ሥራ አይደለም።

ፈቃድ በጽሑፍ ነው የሚጠየቀው

ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳት። እኔም ተሳስቻለሁ። በሁለተኛው ዓመቴ ለስቅለት «አሞኛል» ብዬ ቀረሁ። ስሰግድ ዋልኩ። ማታ አንድ ወንድም የደብሩን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከፊት ቆሜያለሁ። ሰኞ አለቃዬ ፎቶውን ከፍቶ አሳየኝ። «የታመምከው እዚህ ነው?» አለኝ። ከሥራ አልተባረርኩም፣ ግን ያንን ሁሉ ስግደት በውሸት መስገዴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ውሸቱ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ለሠራተኛው ሃይማኖታዊ ግዴታ በተቻለ መጠን ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል። ድሮ ቀጣሪው ትንሽ ወጪ ካስከተለበት እምቢ ማለት ይችል ነበር። በ2023 ግን በፔንሲልቬንያ እሑድ አልሠራም ያለ አንድ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ዳኞቹ ነገሩን አጠበቁት፤ ቀጣሪው እምቢ ለማለት ሥራው ላይ ከባድ ተጨማሪ ወጪ የሚያመጣበት መሆኑን ማሳየት አለበት። ይህ ማለት የፈለጋችሁትን ቀን ሁሉ ታገኛላችሁ ማለት አይደለም፣ ክፍያውም ላይኖር ይችላል። ግን ሊሰሟችሁ ይገባል።

አጠያየቁ እንዲህ ነው። ዓመቱ ሲገባ የምትፈልጓቸውን ቀኖች ለዩ። ብዙ አታብዙት፤ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 (በአራት ዓመት አንዴ 20)፣ ስቅለትና ፋሲካ ይበቃሉ። ፋሲካ ከነሱ ጋር የሚገጥምበትም የማይገጥምበትም ዓመት ስላለ ቀኑን ጻፉት እንጂ «ኢስተር» ብላችሁ አትተዉት፣ አለቃችሁ የራሱን ኢስተር ነው የሚያስበው። ለአለቃችሁና ለሰው ኃይል ክፍሉ በኢሜይል ላኩት። በቃል የተባለ ነገር ፈረቃ ሲቀያየር ይጠፋል። ከዚያ መለዋወጫ አቅርቡ፤ «ዲሴምበር 25ን እኔ እሠራለሁ፣ ጃንዋሪ 7ን ስጡኝ»። ይህን ያልኩ ጊዜ ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ሊያቅፉኝ ምንም አልቀራቸው። በግል የምትሠሩ፣ ኡበር የምትነዱ፣ የናንተ አለቃ ራሳችሁ ናችሁና እሑድ ጠዋት አፑን አጥፉት። የእሑድ ጠዋት ብር ጥሩ ነው፣ አውቃለሁ። ቅዳሴ ግን ሌላ ቀን አይተካላችሁም።

ልጆች ሲጠይቁ

እዚህ ልጅ ሲጠይቅ «ዝም ብለህ ጹም» ይባላል፣ ይጾማልም። እዚያ የተወለደ ልጅ ይህን ሲሰማ ነገሩ ምክንያት የሌለው ይመስለዋል። ትምህርት ቤት «ለምን?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው የሚያስተምሩት። እኛ ደግሞ ጥያቄውን ንቀት አድርገን እንይዘዋለን። የጎጃም ሰው ግን በጥያቄ ሊደነግጥ አይገባም ነበር፤ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ እስኪለይ ድረስ ሲጠይቅ ነው የሚያድገው። ስለዚህ መልስ ስጡ። ካላወቃችሁ «አባን አብረን እንጠይቃቸው» በሉ። ልጁ እናንተም ተማሪ መሆናችሁን ሲያይ ይለዝባል።

በአማርኛ ብቻ ካላችሁ ደግሞ ታጣላችሁ። ቋንቋውን አስተምሩ፣ እኔም እላለሁ። ግን ልጁ አማርኛ እስኪያጠራ እግዚአብሔርን አታስጠብቁት። አባታችን ሆይን በእንግሊዝኛም ይበል፣ በአማርኛም ይበል። ስሙን የሰጡት የክርስትና አባቱ በወር አንዴ ይደውሉለት፣ እዚያ አጎትና አክስት በር ላይ የሉምና የክርስትና አባት ትልቅ ነገር ነው።

ሃሎዊን ይመጣል። ኦክቶበር 31 አብዛኛውን ዓመት ጥቅምት 21 ነው፣ ማርያም ናት። እኛ ቤት በዚያ ምሽት ዳቦ ተቆርሶ ጽዋ ይጠጣል፣ የማኅበርተኛው ልጆች ሁሉ ይመጣሉ፣ ከረሜላውም አይቀርም። ልጆቹ «ተከለከልን» አይሉም፣ «እኛ ሌላ ድግስ አለን» ይላሉ። በር አንኳኩተው ለሚመጡት የሰፈር ልጆችም ከረሜላ ስጡ እንጂ መብራት አጥፍታችሁ አትደበቁ። ኧረ ነውር ነው!

ዱላን በተመለከተ አጭር ነው። ተዉት። አስተማሪ ልጅ ተጎድቷል ብሎ ከጠረጠረ እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድደዋል፣ ከዚያ ቤታችሁ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። የምታገቡም በተክሊል ከመቆማችሁ በፊት ከአካባቢው መስተዳድር የጋብቻ ፈቃድ ማውጣት አትርሱ።

ፖለቲካው

አንደኛ፣ ዜጋ ሳትሆኑ ለምርጫ አትመዝገቡ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ፎርሙ ላይ «ለምርጫ መመዝገብ ትፈልጋለህ?» የሚል ጥያቄ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሕግ የመጣ ነገር ነው። ግሪን ካርድ ይዛችሁ በየዋህነት «አዎ» ካላችሁና ከመረጣችሁ ወንጀል ነው፣ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ዜግነት ብዙውን ጊዜ ግሪን ካርድ ካገኛችሁ ከ5 ዓመት በኋላ ነው የሚጠየቀው። እስከዚያ አዳምጡ።

ዜጋ ስትሆኑ «የክርስቲያኑ ፓርቲ የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የለም። አንዱ ስለ ፅንስ የምታምኑትን ይላል፣ ስለ ስደተኛ ግን የማትሰሙትን ይናገራል። ሌላው ስለ ድሀ ሕክምና ልባችሁን ይነካል፣ ስለ ቤተሰብ ግን ያስቆጣችኋል። ሁለቱንም በእምነታችሁ ሚዛን መዝኑና ምረጡ፣ ከመረጣችሁ በኋላ ደግሞ የመረጣችሁትን ሰው ታቦት አታድርጉት። ቅዳሴ ላይ ከጎናችሁ የቆመው ሰው ሌላውን መርጦ ይሆናል። ደብሩን በምርጫ ቅስቀሳ አታስገቡ። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆኑ ቤተ እምነቶች እጩ እንዳይደግፉ የሚል ሕግ አለ፣ ዛሬም ያከራክራል። ሕጉ ባይኖርም ግን እኛ መከፋፈል ምን እንደሚመስል አሳምረን እናውቃለን፤ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አገር ቤት አንድ ሲኖዶስ፣ ስደት ላይ ሌላ ሲኖዶስ፣ መሀል ላይ ደግሞ «ገለልተኛ» እየተባባልን፣ ሰላምታ የተከለካከልን ቤተሰቦች እስክንሆን ደርሰን፣ እርቁ በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው ዋሽንግተን ዲሲ የወረደው።

ትልቁን ፖለቲካ ሁሉም ያወራዋል፣ ትንሹን ማንም አይሄድበትም። የኛ ደብር ሕንጻ ሲገዛ ጎረቤቶች በሌሊት መኪናና በከበሮ ድምፅ ተማረሩ፣ የመኪና ማቆሚያው ጉዳይ ከተማው ምክር ቤት ደረሰ። ስብሰባው ማክሰኞ ማታ ነበር። የሄድነው ሰባት ሰዎች ነን። እያንዳንዱ ሰው የተሰጠችውን ጥቂት ደቂቃ ተናገረ፣ አንዲት እናት በልጃቸው አስተርጓሚነት። በነጋታው ወንዶቹ ተከፋፍለው የጎረቤቶቹን በር አንኳኩ፣ ሴቶቹ ድፎ ዳቦ ይዘው ተከተሉ። ፈቃዱ ተሰጠ። የትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫም እንደዚሁ ነው፣ ጥቂት ድምፅ ይወስነዋል፣ የልጆቻችሁም ነገር ያለው እዚያ ነው።

ጥምቀት አንዳንድ ዓመት ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ጋር ይገጥማል። የሱን ነገር ለልጆቻችሁ ንገሩ። ሰባኪ ነበር። የሞንትጎመሪ ጥቁሮች 381 ቀን አውቶቡስ ሳይሳፈሩ በእግራቸው ሲሄዱ የሚሰበሰቡት፣ የሚጸልዩት፣ መኪና የሚመዳደቡት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ያ ትግል እያደገ ሄዶ ነው የ1964ቱን ሕግ ያስወጣው። እናንተ ለስቅለት ፈቃድ የምትጠይቁበትን ሕግ ማለት ነው።

አሁን ስለ አገር ቤት ፖለቲካ፣ ይቺ ከሁሉ ትከብደኛለች። እዚህ ስልክ ይዘጋል፣ መንገድ ይዘጋል። ስልክ ሲከፈት ሰው መጀመሪያ የሚያየው እናንተ እዚያ ሆናችሁ የጻፋችሁትን ነው። እናቴ ቲክቶክ ላይ አንድ የምታውቀው ልጅ፣ ዲያቆን የነበረ፣ የሰው ዘር ሲሳደብ ሰምታ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው፣ ምንም አላለችም። ስለዚህ ያላረጋገጣችሁትን አታጋሩ። እዚህ አንድ ወሬ ሰው ያስገድላል፣ እናንተን ግን አይነካም። ብር ስትልኩ ለማን እንደሚደርስ እወቁ፤ ለዘመድ፣ ለተፈናቀለ፣ ለአብነት ተማሪ ከሆነ እሰየው። ቁርባን ልትቀበሉ ያሰባችሁ ቀን ደግሞ ከማን ጋር እንደተሰዳደባችሁ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ስልካችሁን እዩ፣ ይቅርታውን በዚያው በጻፋችሁበት ቦታ ጠይቁ፣ በድብቅ አይሆንም።

ይህን እየጻፍኩ ጎረቤታችን መጡ። አንድ ሃይላንድ ሙሉ የግሽ አባይ ጸበል ይዘዋል፣ ለልጃቸው። እናንተም ከላኩላችሁ ሰዎች እንዳይቸገሩ ልንገራችሁ፤ በእጅ ሻንጣ አይሆንም፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አያሳልፉም። በሁለት ፌስታል አስሮ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ከበርበሬው ራቅ አድርጎ ነው።

የዴንቨሩ ወንድሜ፣ የምደርሰው ረቡዕ ነው። ምሳ ሽሮ ይሁን።