ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ቶሮንቶ በመኪና፦ የካርታና የጉዞ ዝግጅት

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖረው ኢትዮጵያዊ መካከል በቶሮንቶ ዘመድ ወይም የሠርግ ጥሪ የሌለው ጥቂት ነው። መንገዱ 480 ማይል ያህል ሲሆን፣ ለምግብና ለነዳጅ የሚቆምበት ጊዜ ሳይቆጠር ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ሰው አድራሻውን ስልኩ ላይ ጽፎ ይነሳል፤ ይሁን እንጂ ይህ ጉዞ የሀገር ድንበር የሚያሻግር በመሆኑ፣ መንገዱንም ወረቀቱንም አስቀድሞ ማወቅ ተገቢ ነው።

የካርታው ሥራ ከጉዞው አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ቢጀመር ጥሩ ነው። የትሪፕል ኤ (የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር) አባል የሆነ ሰው ወደ ማኅበሩ ቢሮ ጎራ ብሎ የፔንስልቬኒያን፣ የኒውዮርክንና የኦንታሪዮን የወረቀት ካርታ ያለ ክፍያ መጠየቅ ይችላል። አባል ያልሆነም ቢሆን በአውራ ጎዳናዎች ዳር ባሉ የእንግዳ መቀበያ ማዕከሎች የክፍለ ግዛት ካርታ በነጻ ያገኛል። ካርታው የታተመበት ዓመት መታየት አለበት። ለምሳሌ በፔንስልቬኒያ ዊንፊልድ አጠገብ የሰስኩዌሃና ወንዝን የሚሻገረው አዲስ መንገድ ለትራፊክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2022 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በታተመ ካርታ የሚመራ ሰው ስልኩ ወደ አዲሱ ድልድይ ሲጠራው ግራ ይገባዋል።

ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መንገዱን በእርሳስ ይከተሉት። ከዲሲ በአይ 270 ወደ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ በዩኤስ 15 በጌቲስበርግና በሃሪስበርግ አጠገብ አልፎ ወንዙን ተከትሎ እስከ ዊሊያምስፖርት፣ ቀጥሎም ተራራማውን የሰሜን ፔንስልቬኒያ ክፍል አቋርጦ ኒውዮርክ ውስጥ እስከ ኮርኒንግ ይደርሳል። ከኮርኒንግ በአይ 86 ወደ ምዕራብ ጥቂት ተጉዞ በአቮካ አጠገብ አይ 390ን ይይዛል፤ ሮችስተር ሳይገባም በመውጫ 46 በኩል ከኒውዮርክ ትሩዌይ፣ ማለትም ከአይ 90 ጋር ይገናኛል። በትሩዌይ ወደ ምዕራብ ሄዶ በመውጫ 53 አይ 190ን ከያዘ በኋላ በዚያው መንገድ መውጫ 9 ላይ ፒስ ብሪጅ ይገኛል። እነዚህን መታጠፊያዎች በአንዲት ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጽፎ ከሾፌሩ ጎን ለሚቀመጠው ሰው መስጠት ከማንኛውም ጂፒኤስ የማይተናነስ ጥቅም አለው።

የመውጫ ቁጥሮችን አቆጣጠርም ማወቅ ይረዳል። በኒውዮርክ ትሩዌይ ላይ መውጫዎች የተሰየሙት በተራ ቁጥር በመሆኑ ከ46 እስከ 47 ያለውን ርቀት ከቁጥሩ መገመት አይቻልም። በኦንታሪዮ ግን ከድንበሩ እስከ ቶሮንቶ የሚወስደው ኪው ኢ ደብልዩ የተባለው አውራ ጎዳና መውጫዎቹን የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር ነው፤ ከፎርት ኢሪ ተነስቶ ቶሮንቶ መግቢያ ላይ ከሀይዌይ 427 ጋር ሲገናኝ ቁጥሩ 139 ይሆናል። ስለዚህ መውጫ 89 ላይ ያለ ሰው እስከዚያ 50 ኪሎ ሜትር እንደቀረው ወዲያውኑ ያውቃል።

የስልክ ካርታ ደግሞ ከቤት ሳይወጡ በዋይፋይ መውረድ አለበት፤ ከዊሊያምስፖርት በስተሰሜን ባለው ተራራማ ክፍል ኔትወርክ የሚጠፋባቸው ቦታዎች ስላሉ ነው። የመንገዱ ሁሉ ካርታ በአንድ ጊዜ ላይወርድ ስለሚችል በሁለት ወይም በሦስት ክፍል ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የአንዱ ጠርዝ ከሌላው ጋር እንዲደራረብ ያድርጉ፤ በመካከል ክፍተት ከተፈጠረ ስልኩ ያለ ኢንተርኔት መንገድ ማውጣት ያቅተዋል። ካወረዱ በኋላ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ከቤትዎ እስከ ቶሮንቶው አድራሻ መንገድ እንዲያወጣ ይሞክሩት። ካወጣ ዝግጁ ነው። በዚህ መንገድ የወረደ ካርታ የትራፊክ መጨናነቅንም ሆነ የተዘጋ መንገድን አያሳይም። የስልክ ድርጅትዎ በካናዳ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራ እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ።

የክፍያ መንገዶች ጉዳይ ረጋ ብሎ ማየትን ይጠይቃል። ትሩዌይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፤ ኢዚ ፓስ (የመንገድ ክፍያን በራሱ የሚፈጽም መኪና ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ) የሌለው መኪና ታርጋው ፎቶ ተነስቶ ሂሳቡ በፖስታ ይላካል። ኦንታሪዮ ውስጥ ደግሞ ከበርሊንግተን የሚጀምረው 407 የተባለው መንገድ የክፍያ ዳስ የሌለው፣ ኢዚ ፓስም የማይቀበል፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ ስልኩ ግን ጥቂት ደቂቃ ለማትረፍ ሲል ወደዚያ ሊመራዎት ይችላል። መፍትሔው ስልኩን ክፍያ ያለበትን መንገድ እንዲያስወግድ ማዘዝ ነው፤ ነገር ግን ይህን ትእዛዝ ከዲሲ ሲነሱ ከሰጡት ትሩዌይንና የድንበሩን ድልድይ ጭምር ለመሸሽ ሲል እጅግ የተጠማዘዘ መንገድ ሊያወጣ ይችላል። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ቆመው ቢያስተካክሉት ይሻላል። በተለይ የኪራይ መኪና የያዘ ሰው፣ አከራዩ በክፍያው ላይ የራሱን የአገልግሎት ዋጋ ሊጨምርበት ስለሚችል ከ407 ቢርቅ ይመከራል።

የትኛውን ድልድይ እንደሚያቋርጡ የሚወስኑት ቡፋሎ ከመግባትዎ በፊት ነው። ከፒስ ብሪጅ ሌላ በናያግራ ፏፏቴ አጠገብ የጭነት መኪና የማያሳልፈው ሬይንቦው ብሪጅ፣ ከእሱም በስተሰሜን የሉዊስተን–ኩዊንስተን ድልድይ አሉ፤ ዊርልፑል የሚባለው ግን ለኔክሰስ ካርድ (አስቀድመው ተመርምረው ድንበሩን በፍጥነት እንዲያልፉ ለተፈቀደላቸው ተጓዦች የሚሰጥ ካርድ) ባለቤቶች ብቻ ነው። የካናዳ ድንበር አገልግሎት በየድልድዩ ያለውን የጥበቃ ጊዜ በኢንተርኔት ያሳውቃል፤ በጁላይ 1 እና በጁላይ 4 በዓላት አካባቢ ይህን ሳያዩ መቅረብ አይገባም።

ወረቀትን በተመለከተ የአሜሪካ ዜጋ ፓስፖርት ይያዝ። ሪል አይዲ መንጃ ፈቃድ ለአውሮፕላን የሀገር ውስጥ በረራ እንጂ ለዚህ ድንበር አያገለግልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 26 ቀን 2022 ጀምሮ ከግሪን ካርዱ ጋር የዜግነቱን ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ጊዜው ያለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው እድሳቱን ከወራት በፊት መጀመር አለበት። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ወይም በቲፒኤስ (በጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) የሚኖር ሰው ከአሜሪካ መውጣቱ ጉዳዩን ሊያበላሽበትና መመለሻ ሊያሳጣው ስለሚችል፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር ንቅንቅ እንዳይል አጥብቄ እመክራለሁ። ጠጥቶ በማሽከርከር የተፈረደበት ሰውም፣ ጥፋቱ ቀላል መስሎት ቢረሳው እንኳ፣ ካናዳ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። ልጅ ይዞ የሚጓዝ አንድ ወላጅ ከሌላው ወላጅ በኖተሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ቢይዝ ከብዙ ጥያቄ ይድናል።

የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ በኦንታሪዮ ለጎብኚ ይበቃል፤ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም። የመኪናውን ሬጅስትሬሽን፣ መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ የባለቤቱን የፈቃድ ደብዳቤ፣ የኪራይ ከሆነ ካናዳ መግባት የሚፈቅደውን ውል ይያዙ። ኢንሹራንስዎን ደውለው ለካናዳ የሚሆን የነዋሪ ያልሆነ ሰው የኢንሹራንስ ካርድ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ በኦንታሪዮ ዝቅተኛው የሦስተኛ ወገን ሽፋን 200,000 የካናዳ ዶላር ነው።

ጭነትን በሚመለከት፣ ለዘመድ የሚወሰደውን በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤና ቋንጣ ሁሉ ለኬላው መኮንን መናገር ግዴታ ነው፤ በተለይ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ገደብ አለባቸው። የተናገረ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል፤ የደበቀ ግን ይቀጣል። ጫት በካናዳ የተከለከለ ነው። ማሪዋና በሁለቱም በኩል በሕግ የተፈቀደ ቢመስልም ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው። ከቨርጂኒያ የሚነሳ ሰው ሽጉጥ መኪናው ውስጥ እንዳልረሳ የእቃ ማስቀመጫውን ከፍቶ ይመልከት።

ከድልድዩ ማዶ ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር ነው፤ 100 ማለት 62 ማይል ነው፤ በኪው ኢ ደብልዩ አንዳንድ ክፍል ላይ እስከ 110 ይፈቀዳል። በአውራ ጎዳና ላይ ከገደቡ በ50 ኪሎ ሜትር ማለፍ በኦንታሪዮ መንጃ ፈቃድን ለ30 ቀን ያሳግዳል፣ መኪናውንም ለ14 ቀን ያስይዛል። የራዳር መጠቆሚያ መሣሪያ መያዝ ራሱ ክልክል ስለሆነ ቤት ይተውት።

የቶሮንቶውን አድራሻ ሲጽፉ የመንገዱን ስም ብቻ አያምኑ፤ ተመሳሳይ የመንገድ ስም በተለያዩ የከተማው ክፍሎች ይገኛል። ዘመድዎ ፊደልና ቁጥር እየተፈራረቀ የሚጻፈውን ባለ ስድስት ምልክት የፖስታ ኮድ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ ኮዱ የቤቱን ሰፈር ከሞላ ጎደል በትክክል ይጠቁማል። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ወደሚበዙበት ዳንፎርዝ ጎዳና የሚሄድ ሰው ኪው ኢ ደብልዩ በቀጥታ ጋርዲነር ወደተባለው የከተማው አውራ ጎዳና ይለወጥለታል፤ ከዚያ ዶን ቫሊ ፓርክዌይን ይዞ ወደ ሰሜን ይወጣል። ለገና የሚጓዝ ሰው ደግሞ በቡፋሎ አካባቢ ከሐይቁ የሚነሳው በረዶ ትሩዌይን ሊያዘጋ ስለሚችል፣ በዚያው ሳምንት የአየር ትንበያውን በየቀኑ ይከታተል፤ ለመነሻውም አንድ ቀን ትርፍ ይያዝ።