ላም አለኝ በሰማይ፦ የት ይባላል፣ የት ይቀራል

ሙሉው ተረት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። «ሰማይ» እና «አላይ» ቤት ስለሚመቱ በቃል ለመያዝ አይከብድም። የማይታለብ ሀብት ባለቤቱን ያጽናናዋል እንጂ አያጠግበውም፤ ቁም ነገሩ ይኸው ነው።

በወሬ መሀል ሁለተኛው ግማሽ ይዋጣል። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ሻይ የያዘ ሰው «ውጭ ያለው አጎቴ ባጃጅ ሊገዛልኝ ነው፣ ምን አስጨነቀኝ!» ካለ ጓደኛው «አቦ ተወው፣ ላም አለኝ በሰማይ!» ይለዋል። ቀሪውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል።

ከመናገርህ በፊት አጣራ፦ ነገሩ ዘግይቶ ነው ወይስ ጭራሽ እጅ አይገባም? የዕቁብ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ላይ ከተረትክ ስተሃል፤ የእሱ ላም በረት ውስጥ ናት።

በራስ ላይ ሲተረት ቀልድ ነው፣ በታላቅ ላይ ግን ስድብ ይመስላል። ለትልቅ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብዎ ብዬ ነው» ብሎ ማለዘብ ይሻላል። ልቅሶ ቤት ፈጽሞ አይነሳ፤ እዚያ «እግዜር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ይበቃል።

ከ«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ጋርም አታምታታው። የሙሽራዋ ለተጠራጠረ ሰው ነው፤ የላሟ አምኖ ለተቀመጠ።