ፒያሳ ላይ የስኮትላንድ ቴሌቪዥን ምሽት እንዴት ይዘጋጃል

ቅዳሜ ማታ፣ አንድ ሳሎን፣ አምስት ስድስት ሰው። ከዚህ በላይ ብዙ አያስፈልጋችሁም።

ቀጥታ ስርጭት እናያለን ብላችሁ ግን እንዳትለፉ። የቢቢሲ አይፕሌየርም ሆነ የስኮትላንዱ ጣቢያ የኤስቲቪ ማጫወቻ የሚሠራው ብሪታንያ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ዲቪዲ አስመጡ። «ቢቢሲ አልባ» የተባለው የስኮትላንድ ጣቢያ ዩቲዩብ ላይ ከለቀቃቸው ቪዲዮዎችም መርጣችሁ ከአንድ ቀን በፊት ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ላፕቶፑንም ቻርጅ አድርጉት፣ መብራት መሄዱ አይቀርምና።

በጋሊክ ቋንቋ ፕሮግራም ጀምሩ። ብዙ ሰው የወንጀል ድራማውን ያስቀድማል፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ቢቢሲ አልባ የስኮትላንዶች የድሮ ቋንቋ የጋሊክ ጣቢያ ነው፣ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011ዱ የሕዝብ ቆጠራ ጋሊክ እንናገራለን ያሉት 57 ሺህ ገደማ ናቸው፣ የአገሩ ሕዝብ ደግሞ ከ5 ሚሊዮን በላይ ነው። ለእነዚህ ጥቂት ሰዎች ዜናው፣ የልጆች ፕሮግራሙ፣ ሙዚቃውና ኳሱ ሁሉ በገዛ ቋንቋቸው ይቀርብላቸዋል። እኔን ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ከሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳታነቡ ድምፁን ብቻ ስሙት፣ ከዚያ ማንበብ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ሳቅ ይምጣ። ስቲል ጌም የግላስጎው ከተማ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የጃክና የቪክተር ኮሜዲ ነው። እዚህ ላይ ጽሑፉን የግድ ክፈቱት፣ እንግሊዝኛ የጠገበ ሰው እንኳ ዘዬው ያደናግረዋል። እንግዶቻችሁን አስቀድማችሁ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ስኮትላንዶች «አይ» ሲሉ «አዎ» ማለታቸው ነው! ባለፈው አንዷ ጓደኛዬ «አይ» የሚለውን ሰምታ «እምቢ አለው እኮ» ብላ ሳትጨርስ ሽማግሌው ኮፍያውን አድርጎ ጓደኛውን ተከትሎ ወጣ። «ዊ» ደግሞ ትንሽ ማለት ነው፣ በየአረፍተ ነገሩ ትሰሙታላችሁ።

መሃል ላይ እረፍት አድርጉና የአጃ አጥሚት አቅርቡ። ስኮትላንዶችም አጃ ወዳጆች ናቸው፣ በነባሩ ልማዳቸው በውሃና በጨው አገንፍተው ይበሉታል። እኔ አንዱን ድስት እንደነሱ ወፈር አድርጌ በጨው፣ ሌላውን እንደኛ ቀጠን አድርጌ በማር እሠራለሁ። ሁለቱንም አስቀምሷቸው።

መጨረሻ ላይ መብራቱን አጥፉና ሼትላንድን ክፈቱ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚታይ የመርማሪ ፖሊስ ድራማ ነው፣ ታሪኩም በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ ባሉት ደሴቶች ላይ ነው። ነፋሱ፣ ባዶው ሜዳ፣ ግራጫው ባሕር ራሱ ያስፈራል። ታዲያ ሲዝን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲዝኖች አንድ ወንጀል በሁለት ክፍል ይቋጫል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ገዳዩ ይታወቃል ማለት ነው። ከሦስተኛው ሲዝን ወዲህ ግን አንዱ ታሪክ ስድስት ክፍል ይፈጃል፣ ሰው ገዳዩን ሳያውቅ ቤቱ ይገባል።

12 ሰዓት ላይ ከጀመራችሁ 4 ሰዓት ገደማ ታበቃላችሁ። አያት ወይም ጀሞ የሚገባ እንግዳ ካለ 11 ሰዓት ላይ ጀምሩ፣ ራይዱንም የመጨረሻው ክፍል ሳያልቅ ጥሩለት።