የቀበናን ወንዝ ፍሰት በኮምፒውተር እንዴት ማስላት ይቻላል?

በሐምሌ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ፣ ቀበና ድልድይ ላይ ቁሙ። እናንተ ዘንድ ገና ካፊያ ሳይጀምር ወንዙ ደፍርሶ ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ የጣለው እንጦጦ ላይ ነውና። ያ ውሃ መቼና ምን ያህል ሆኖ ድልድዩ ሥር እንደሚደርስ ማስላት ይቻላል። ለዚህም ተራ ኮምፒውተር፣ ነፃ ፕሮግራሞችና ትዕግሥት ይበቃሉ።

መጀመሪያ ተፋሰሱን ከልሉ። ኪው ጂ አይ ኤስ የተባለውን የካርታ ፕሮግራም ጫኑና በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካውን የመሬት ከፍታ መረጃ አውርዱ። ድልድዩን መውጫ ነጥብ አድርጋችሁ ምልክት ስታደርጉበት ፕሮግራሙ ቁልቁለቱን ወደ ላይ ተከትሎ ውሃው ወደ ቀበና የሚወርደውን መሬት ሁሉ ይከልላል። ክልሉ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ሆኖ ከቀረ መውጫው ከወንዙ መስመር ወጥቷል ማለት ነው፤ ወደ መስመሩ አስጠጉት።

ካርታውን ብቻ ግን አትመኑ። የመረጃው አንድ ነጥብ 30 ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን የመንገድ ዳር ቦይና የተቀበረ ቱቦ አይታዩትም። ከተማ ውስጥ ውሃው የሚሄደው በእነዚሁ ነው። ስለዚህ ጫማችሁን አጥብቃችሁ ሰፈሩን በእግር ዙሩ፤ የቱ ቱቦ የት እንደሚያፈስ ጻፉ። ይህን የዘለለ ሞዴል ስክሪኑ ላይ ቢያምርም ወንዙን አያውቀውም።

ቀጥሎ መሬቱ ምን እንደለበሰ ለዩ። ባለሙያዎች ከርቭ ነምበር የሚሉት ቁጥር አለ፤ ሲጨምር ወደ መሬት የሚሰርገው ውሃ ያንሳል። ለአስፋልትና ለቆርቆሮ ጣሪያ 98 ይሰጣል። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከዚህ ላይ 44 ሚሊ ሜትር ያህሉ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ቁጥሩ 70 በሆነ፣ ዕፅዋት በሸፈነው መሬት ላይ ግን የሚወርደው 6 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሰላ 44,000 ሜትር ኩብ እና 6,000 ሜትር ኩብ እንደማለት ነው። አንድ አረንጓዴ ዳገት በኮንክሪት ሲለበስ ከታች ያለው ሰፈር ምን እንደሚገጥመው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ስሌት አላውቅም።

አሁን ሁሉንም ኤች ኢ ሲ ኤች ኤም ኤስ ውስጥ አስገቡ፤ ከዝናብ ተነሥቶ የወንዝን ፍሰት የሚያሰላ፣ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ጓድ በነፃ የሚያቀርበው ፕሮግራም ነው። የዝናቡ መረጃ የሰዓት፣ ከተቻለም የደቂቃዎች ይሁን። ተፋሰሱ ትንሽና ቀጥ ያለ ቁልቁለት ስለሆነ የቀን ድምር የጎርፉን ጫፍ ይደብቃል።

ውጤቱን ከተለካ ፍሰት ጋር አስተያዩ። በናሽና ሰትክሊፍ መለኪያ 1 ማለት ፍጹም ገጥሟል ነው፤ 0 ከሆነ ሞዴሉ ከተለካው ፍሰት ተራ አማካይ አይሻልም። በአንድ ክረምት መረጃ ያስተካከላችሁትን በሌላ ክረምት ፈትኑ፤ በዚያው መረጃ መፈተን ራስን ማታለል ነው።

የተለካ ፍሰት ካላገኛችሁ ወንዙ የተወውን ምልክት አንብቡ። ጎርፍ በበረደ ማግስት ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር፣ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ታገኛላችሁ። ከፍታውን በሜትር ለኩ፣ ፎቶ አንሡ፣ ውሃው ስንት ሰዓት ላይ እንደሞላ የወንዙን ዳር ነዋሪዎች ጠይቁና ቀኑን ጨምራችሁ መዝግቡ። ዝናብ ሳይደግም ድረሱ፤ የሚቀጥለው ጎርፍ መስመሩን ያጥበዋል።